የጀልባው ጭነት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ባሕር ፊቱን ሲፈታ፣
በቺሎዌ ዝናብ፣ በማያባራው ጠብታ፣
ለአሥራ አንድ ተማሪ ምሳ እጭን ነበረ፤
ካርቶኑ የታሸገ፣ ማኅተም የሠፈረ።
ውስጡ የተከተፈ፣ ጣት ጣት የሚያክል ድንች፣
በረዶ የወረሰው፣ ሽታ እንኳን የሌለው፣
ማን እንደተከለው እንጃ፣ ማን እንደነቀለው።
ለቀባሪ መርዶ! ለድንች ደሴት ድንች!

እዚያ እኮ፣ በየጓሮው፣ በየማጀቱ ጭቃ፣
ሐምራዊው፣ ጥቁሩ፣ ቆልማማው ከነጉጡ፣
እንደ ሽማግሌ ጉልበት ያበጠው ከውስጡ፣
ስንት ዓይነት እንዳለ ቆጥሮ ማን ሊያበቃ?

እኔ ምን አገባኝ! በካርቶን ነው ዋጋዬ፤
ከእጅ ወደ አፍ ነበር ድሮም መተዳደሪያዬ፣
በእጅና በአፍ መካከል ቆማ ነበር ጀልባዬ።

ወጥ ሠሪዋ ኤርሲራ ፈርማ ትረከባለች።
አንድ ቀን ብቻ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣
«ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ፣
አንድ ወሬ እንኳን የለው?» አለች።

በመስከረም ልጄ፣ ማይቴ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣
በጥፍሮቿ ሥር ጥቁር አፈር ይዛ ገባች ከቤቷ።
የኳሱን ሜዳ ነው አሉ የቆፈሩት፤
ሁለቱን የጎል ቋሚ ብቻ ነው የተዉት።
በኋላ አደንጓሬ ሲጠመጠምበት፣
«ሜዳዬን ወሰዱ» ብሎ ያኮረፈው ሊዛንድሮ
ፍሬ ባየ ቁጥር «ጎል!» እያለ ሲጮኽ ሰማሁት።

«አባ፣» አለች ማይቴ፣ «የባሕር አረም ጫንልን፤
ድንች ያለ እሱ አይወፍርም፤ ኤርሲራ ናት ያለችን።»
የገዛ እንጀራዬን፣ በገዛ ጀልባዬ
ተሸክሜ እንድቀብር ለመነችኝ ልጄ።
እምቢ አልኳት። ሦስት ቀን ፊቷን አዞረች።
በአራተኛው ሌሊት፣ ባሕር ሸሽቶ ዳሩ ሲራቆት፣
ሰው እንዳያየኝ ብዬ መብራቴን አጥፍቼ
ስድስት ጆንያ ሞላሁ፤ በጓሮ በር ጣልኩት።

ድንቹ በመጋቢት ወጣ። በሚያዝያ
ከዋናው መሬት ሰውዬ መጣ፣ ከነቦርሳው፣
«ይህ ምግብ» አለ፣ «ደረሰኙ የታለው?»
ኤርሲራ ወደ ልጆቹ ዞር ብላ
«እጃችሁን አሳዩት» አለች።
መቶ ዐሥር ጥፍር፣ ሥሩ ጥቁር።
ሰውዬው አልሣቀም። አንድ ነገር ጻፈ።
ምን እንደጻፈ የገባኝ በግንቦት ነው፦
ከካርቶኔ ግማሹ ከዝርዝሩ ታጠፈ።
ወሩን ሙሉ ኤርሲራን ሰላም አላልኳትም።

ሰኔ ላይ ነፋሱ አራት ቀን ሙሉ ጮኸ።
ጀልባዬ በገመድ፣ እኔ በመስኮት ታሰርን።
ወደብ ዝግ፣ ሱቅ ባዶ፣
ከትምህርት ቤቱ ጣራ ግን ጭሱ አላቋረጠም፤
ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ነፋስ ይገፈትረዋል፣
ግን አላቋረጠም።
በአራተኛው ቀን እግሬ ወሰደኝ።
በር ላይ ተገትሬ ስታየኝ፣
ኤርሲራ አንድ ሳሕን ሞልታ
«አፈር ስሆን፣ ቅመስ» አለችኝ፤
እውነትም እስከ ክርኗ አፈር ሆናለች።

ሐምራዊ ድንች ነው፣ በነጭ ሽንኩርት የበሰለ።
ጎረስኩ። አሸዋ ጥርሴ ላይ ቀጭ አለ።
ከየት እንደመጣ አላጣሁትም፤
ከዚያ ሌሊት ጆንያ ነው፣ ከባሕር አረሜ።
አልተፋሁትም።

ኪሴ ጎድሏል፣ አልዋሽም። አሁን የምጭነው
ዱቄትና ዘይት፣ ጠመኔ፣ ባለፈው ደግሞ ኳስ ነው
(ሊዛንድሮ ባሕር ዳር ሌላ ሜዳ አገኘ)።
ኑሮዬ ዛሬም ያው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤
የልጄም ምሳ ከእጅ ወደ አፍ ሆኗል፤
ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ጣዕሙ ለየቅል።

ብዙ ጊዜ ባጥበውም የጀልባዬ ወለል
አረም አረም ይላል።
ማይቴ ስትሳፈር አፍንጫዋን ታነሣለች፣
ወደ እኔ ታያለች፣
ምንም አትልም።